ጥልፉ ይቅደም፣ ክሩ ይከተል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ለትንንሽ ልጆች በሚሰፋ ጺጺት (በአይሁድ ሕግ በአራት ማዕዘኑ ክር የሚታሰርበት ልብስ፤ ክሩም በዚሁ ስም ይጠራል) ላይ አንበሳ፣ ሮማን ወይም የልጁን ስም መጥለፍ እየተለመደ መጥቷል። መልካም ልማድ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንልከው ልማዱን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ብዙ ተደክሞበት የተሠራ ልብስ በአንድ የመቀስ ስሕተት ወይም በሥራ ቅደም ተከተል መዛባት ከትእዛዙ ውጭ ሆኖ ስናገኘው ስለሚያሳዝነን ነው። ልጁ ልብሱን ወዶታል፤ እናትና አባት ደክመውበታል፤ ነገር ግን ለውበት ተብሎ ማዕዘኖቹ ክብ ሆነው ተቆርጠዋል። በሕጉ ጺጺት የሚታሰርለት ልብስ አራት ማዕዘን ያለው ነው፤ ማዕዘኑ ክብ የሆነ ልብስ ከዚህ ቁጥር አይገባም። ያ ሁሉ ድካም ለተራ ሰደርያ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ በሙሉ የሚያርፈው በአንድ መለያ ላይ ነው። ውበቱ የጨርቁ ነው፤ ማዕዘኖቹና ክሮቹ ደግሞ የትእዛዙ ናቸው። ጨርቁን እንደ ልብ ማስጌጥ ይቻላል፤ ማዕዘኖቹንና ክሮቹን ግን ሕጉ በሰጣቸው መልክ መተው ነው። ሁለተኛው ነጥብ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ማጠብ፣ መቁረጥ፣ መስፋት፣ ማስጌጥ፣ መተኮስ፣ ከዚያ ቀዳዳውን ማውጣት፣ በመጨረሻም ክሩን ማሰር። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራል። የታሰረ ጺጺት ይገዛና በላዩ ላይ ቀለም ይቀባል።

ማስጌጡን በራሱ እንደ ጨዋታ ቆጥረው የሚከፉ አንባቢዎች ካሉ፣ የሊቃውንቱ የሕግ ውይይት በተሰበሰበበት በታልሙድ፣ ሻባት በሚባለው ክፍል 133 ላይ ያለውን ያስቡልን። በዘጸአት 15፥2 ያለውን የባሕሩን ዝማሬ ሲተረጉሙ ሊቃውንቱ «በትእዛዛቱ በፈጣሪ ፊት አጊጥ» ይላሉ፤ ከዘረዘሯቸውም መካከል ያማረ ዳስ፣ ያማረ ሉላቭ (የዘንባባ ቅርንጫፍ)፣ ያማረ ሾፋር (የቀንድ መለከት)፣ ያማረ ጺጺት፣ ያማረ የኦሪት መጽሐፍ ይገኛሉ። ጺጺት በስሙ ተጠርቷል። በዚያው በታልሙድ ሱካ በሚባለው ክፍል 42 ላይ ደግሞ ልብሱን መከናነብ ያወቀ ሕፃን በጺጺት ይገባል ተብሏል፤ ይህም ልጁን ለማስለመድ ነው። በብዙ ማኅበረሰብ በ3 ዓመቱ ማልበስ ይጀመራል። የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ በምክንያት ሳይሆን በዓይኑና በቆዳው ነው የሚወድና የሚጠላ።

በዓይኑ ብቻ አለመሆኑን እናስምርበት። ልጆች ጺጺታቸውን አውልቀው የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ስላላማረ ሳይሆን ስለሚያሳክክ፣ ስለሚያሞቅ ወይም አንገት ስለሚያንቅ ነው። ከጀርባው ቋጠሮ የበዛበት ያማረ ጥልፍ ምንም ጌጥ ከሌለው ለስላሳ ጨርቅ ይልቅ ቶሎ ይጣላል። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ጨርቁን መምረጥ ይቀድማል።

ለትንሽ ልጅ ቀጭን የጥጥ ፖፕሊን ወይም የካናቴራ ጨርቅ ይስማማል። ሱፍ በሕጉ በኩል ብልጫ አለው። እንደ ሹልሐን አሩክ (የአይሁድ ሕግ ማጠቃለያ መጽሐፍ) ከኦሪት በቀጥታ ግዴታ ያለባቸው የሱፍና የተልባ እግር ልብሶች ሲሆኑ፣ የሌላው ጨርቅ ግዴታ ከሊቃውንቱ ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ የጻፈው ሊቅ ሬማ ግን ጥጡንም ከኦሪት ግዴታ ውስጥ ይቆጥረዋል። ለልጅ የትኛው እንደሚሻል እንደየቤቱ ወግ ረቢን መጠየቅ ነው። ናይለንና ፖሊስተርን በተመለከተ ጺጺት ጭራሽ አያስፈልጋቸውም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። በዚያ ላይ ላብ አይመጡም፤ ስለዚህ በሁለቱም ምክንያት ባይመረጡ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብን ሻትኔዝን ነው። በዘሌዋውያን 19፥19 እና በዘዳግም 22፥11 ሱፍንና የተልባ እግርን አቀላቅሎ መልበስ ተከልክሏል። ገበያ ላይ ጥጥ ተብሎ የሚሸጥ ጨርቅ አንዳንዴ የጥጥና የተልባ እግር ድብልቅ ነው። የጺጺቱ ክር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሱፍ ነው። ሁለቱ በአንድ ልብስ ሲገናኙ ሻትኔዝ ሆነ። ክሩን አቃጥሎ ማሽተት ሱፍን ለመለየት ይረዳል፤ ሱፍ እንደ ጠጉር ይሸታል። ጥጥንና የተልባ እግርን ግን አይለይም፤ ሁለቱም እንደ ወረቀት ነው የሚነዱት። መለያ ጽሑፉ ያልታወቀ ጨርቅ ለሻትኔዝ መርማሪ ካልታየ በስተቀር አይቆረጥ። ይኸው ጥንቃቄ ለጌጡም ነው። በሱፍ ልብስ ላይ በተልባ እግር ክር መጥለፍ፣ ወይም የተልባ እግር እራፊ መለጠፍ ልብሱን ያበላሸዋል። ወፈር ያለው ለምድ መሳይ ፌልትም አንዳንዱ ሱፍ፣ አንዳንዱ አክሪሊክ ነው፤ ሳይጠየቅ አይሰፋ። ባለ 6 ዘለላው የጥጥ ጥልፍ ክር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ወደፊት በሚታጠብበት ሙቀት አንድ ጊዜ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ይተኮስ። አዲስ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል። ከዚያም በላይ አዲስ ጨርቅ ላይ ያለው የፋብሪካ ሙጫ ቀለም እንዳይገባ ያግዳል። ሳይታጠብ የተቀባ ጨርቅ ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ቀለሙ እየተሰነጣጠቀ የሚረግፈው በዚህ ነው፤ ጨርቁ ሲሰበሰብ ቀለሙ አይሰበሰብምና።

ለ4 ዓመት ልጅ አንድ አሠራር እንጠቁም። ተሰፍቶ ሲያልቅ ወርዱ 36፣ ቁመቱ ከፊት እስከ ኋላ በጠቅላላው 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጨርቅ ያስፈልጋል። በየጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ለቅምቅማት ሲጨመር የሚቆረጠው 39 በ93 ነው። ለሁለት ታጥፎ መሐሉ ላይ ወርዱ 11፣ ርዝመቱ 17 የሆነ ሞላላ የአንገት ቀዳዳ ይወጣል። በየትከሻው 12.5 ሳንቲ ሜትር ይቀራል ማለት ነው። ትከሻው ከአንገቱ ቀዳዳ ሰፋ ማለቱ ለውበት አይደለም፤ ቀጭን ማንጠልጠያ ሳይሆን ልብስ እንዲባል ነው። ይህ ቀዳዳ ብቻውን ለልጁ ራስ አይበቃም። የዚህ ዕድሜ ልጅ የራስ ዙሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የቀዳዳው ዙሪያ ከ45 አይበልጥም። ቀዳዳውን ከማስፋት ከፊት ለፊት 6 ሳንቲ ሜትር መሰንጠቅና በአንድ ጠፍጣፋ ፕሬስ ቁልፍ መዝጋት ይበጃል። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ ወይም ሪባን ለልጅ ፈጽሞ አይደረግ፤ መወዛወዣ ላይ ከተያዘ ያንቃል። መጠኑን በተመለከተ ሹልሐን አሩክ የሚለካው ያለ ጠባቂ ገበያ ወጥቶ የሚገባ ልጅ ራሱንና አብዛኛውን አካሉን በሚሸፍንበት ልብስ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ይበቃል ወይ የሚለውን ለረቢ አሳይቶ መወሰን ያስፈልጋል።

ካናቴራን ከጎንና ከጎን ሰንጥቆ ጺጺት የማድረግ ዘዴም ልጆች ይወዱታል፤ አይንሸራተትምና። እዚያ ላይ ከጎኑ አብዛኛው ክፍት መሆን አለበት። የስንጥቁ ጫፍ በልጅ ጨዋታ ወደ ላይ ስለሚቀደድ በድርብ ስፌት ይጠናከር። ጥገናውን ግን ወደ ታች እያወረዱ ከግማሽ በላይ መዝጋት ልብሱን ከአራት ማዕዘንነት ያወጣዋል። በዚህ ዓይነት ልብስ ላይ ደጋግመን የምናየው ስሕተት ክሩን አስቀድሞ አስሮ ጎኑን በኋላ መሰንጠቅ ነው። ሊቃውንቱ በዘዳግም 22፥12 ካለው አድርግ ከሚለው ቃል የተማሩት፣ ትእዛዙ ሲሠራ እንጂ አስቀድሞ ከተሠራው ሲገኝ እንዳይሆን ነው። ክሩ ሲታሰር ልብሱ ገና ጺጺት የማይፈልግ ከነበረ፣ በኋላ ቢሰነጠቅም ያ እስር አይጸድቅም። ክሩ ተፈትቶ እንደገና መታሰር አለበት። ክብ ማዕዘን ላይ ታስሮ በኋላ አራት ማዕዘን እንዲሆን የተቆረጠውም እንዲሁ ነው።

ማዕዘኖቹ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ አብዛኛው ጥፋት እዚያ ነው የሚሠራው። ቀዳዳው ከጠርዙ ከሦስት አውራ ጣት ወርድ በላይ አይርቅም፤ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ካለው ርዝመትም አያንስም። ብዙዎች ከሁለቱም ጠርዝ ከ4.5 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ያደርጉታል። ልኬቱ የሚጀምረው ካለቀለት ጠርዝ ነው። ቅምቅማት፣ ሪባን ወይም ጥለት በጠርዙ ዙሪያ የሚሰፋ ከሆነ መጀመሪያ ይሰፋ፣ ከዚያ ይለካ። ታስሮ ባለቀ ልብስ ዙሪያ 2 ሳንቲ ሜትር ሪባን ሲጨመር ቀዳዳው በዚያው ልክ ከጠርዙ ይርቃል፤ ጥሩ የነበረው ልኬት ይፋለሳል። ሞገድ መሳይ ወይም ጥርስ የወጣለት ጠርዝም ማዕዘኑን ይሰውረዋልና ለጺጺት አይሆንም።

ቀዳዳው በቀጭን ጨርቅ ላይ ብቻውን ከተወጋ የልጁ እጅ ሲጎትተው ወደ ጠርዙ እየቀደደ ይሄዳል። 6 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ እራፊ ከልብሱ ከራሱ ጨርቅ ተቆርጦ በየማዕዘኑ ከውስጥ ይሰፋ፤ ከዚያ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ወጥቶ ዙሪያው በጥጥ ክር እንደ ቁልፍ ቤት ይጠለፍ። ከብረት የተሠራ የቀዳዳ ቀለበት አንመክርም። ጠርዙ ክሩን እየበላ ይቆርጠዋል፤ ሲረጥብም ይዝጋል። እራፊው በቀለም ቢለይ፣ በትንሽ ቅጠል ጥልፍም ቢታጀብ ክፋት የለውም። ትልቁ ሥዕል ግን ከማዕዘኑ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ልጁ ክሩን ሲይዝ ዓይኑ ክሩ ላይ ይረፍ እንጂ ከጎኑ ባለው ዝሆን ላይ አይደለም።

ጌጡ ደረት ላይ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። የልጅ ጺጺት ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት ነው። አዋቂ ለጸሎት በሚከናነበው በትልቁ ታሊት ላይ የራስጌውን ጥብጣብ ማድረግ የተለመደው የፊቱ ማዕዘኖች ሁልጊዜ ፊት እንዲሆኑ ነው። ደረቱ ላይ ያለችው ትንሽ ሥዕል ለልጁ ያንኑ ታገለግለዋለች፤ ማንም ሳይነግረው ፊቱን ያውቅበታል። ስለዚህ ሥዕሉ ከፊት ብቻ ቢሆን፣ ኋላው ባዶ ቢቀር የተሻለ ነው።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ለልጆች ተብሎ የተሠራ፣ በውኃ የሚቀጥን የጨርቅ ቀለም ያስፈልጋል። ቅርጹ በሚለጠፍ ፕላስቲክ ላይ ተቆርጦ ጨርቁ ላይ ይጣበቃል፤ ከጨርቁ ሥር ካርቶን ይገባል፤ አለዚያ ቀለሙ ወደ ኋላው ያልፋል። ቀለሙ በስፖንጅ በትንሽ በትንሹ ይመታል። ስፖንጁ ከረሰረሰ ቀለሙ በፕላስቲኩ ሥር እየሰረገ ጠርዙን ያበላሸዋል። ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ሲለበስም ደረት ላይ እንደ ፕላስቲክ ተጣብቆ ያልባል። ከደረቱ ሲሶውን ያህል ብቻ መቀባት ይበቃል። ከዚያ 24 ሰዓት ይደርቅ፤ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ያለ እንፋሎት በሞቀ ካውያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካውያውን እያንቀሳቀሱ ይተኮስ። የቀለሙ ዕቃ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ እሱ ይከበር። ይህ ሙቀት ለሱፍ አይሆንም፤ ሱፍ የሚያጌጠው በጥልፍ ነው። ክሩ አስቀድሞ ከታሰረ ደግሞ ካውያው የሱፉን ክር ያጠቁረዋል፣ የቀለም ጠብታም ነጩን ክር ይነካዋል። ቅደም ተከተሉን የምንጨቀጭቀው ለሕጉ ብቻ ሳይሆን ለእጅ ሥራውም ነው።

ልጁ ራሱ እንዲቀባ ማድረግ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለናል። የገዛ እጁን መዳፍ ቀለም አስነክቶ ደረቱ ላይ ማተም፣ ወይም ለሁለት የተቆረጠ ድንች ላይ ሮማን ቀርጾ እንዲያትም መስጠት። ራሱ ያተመውን ልብስ አውልቆ የሚጥል ልጅ ብርቅ ነው። ክሩን ማሰር ግን የእሱ ድርሻ አይደለም። ያንን ሕጉን የሚያውቅ አዋቂ፣ ለጺጺት ትእዛዝ ብሎ በአፉ ተናግሮ ይሥራው፤ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ዙሩን ይቁጠር።

ለጥልፍ 15 ሳንቲ ሜትር ክብ ፍሬም ይበቃል። ከ6ቱ ዘለላ 2ቱን ብቻ መጠቀም መስመሩን ቀጭንና ልስልስ ያደርገዋል፤ ለመሙላት 3 ዘለላ። ጨርቁ በፍሬሙ ሲወጠር ከልክ በላይ ከተሳበ፣ ሲላቀቅ በጥልፉ ዙሪያ ይጨማደዳል። በካናቴራ ጨርቅ ላይ በተለይ ከሥር ስስ ማጠንከሪያ ጨርቅ ካልተደረገ ሥዕሉ ጠማማ ይሆናል። ክሩን በቋጠሮ መጀመርና መጨረስ አይገባም፤ ጫፉን ከጀርባው በ4 ወይም 5 ስፌት ሥር አሳልፎ መቁረጥ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጀርባው ከጥልፉ በየአቅጣጫው 1 ሳንቲ ሜትር በሚሰፋ ለስላሳ የካናቴራ ጨርቅ ይሸፈን። ይህች ትንሽ ሥራ የልጁን ደረት ከመቦጨር ታድናለች፤ ብዙ ሰው ግን ይዘላታል።

ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። ከመጠለፉ በፊት ክሩን አርጥቦ በነጭ ጨርቅ መሐል በካውያ መጫን፤ ነጩ ከተነካ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ፤ ካልጠራም መተው። አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት የጺጺቱ ነጭ ክር ሮዝ ይሆናል።

ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ጥለት ለዚህ ሥራ እንደሚያምር እዚህ ላይ እናንሳ፤ በአማርኛ የሚያነቡ አይሁድ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ድሩና ማጉ ልል ስለሆነ ሲቆረጥ ይተረተራል። ከመቆረጡ በፊት በሁለቱም በኩል በስፌት መኪና ዚግዛግ ይመታ፤ ከዚያ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ደረቱ ላይ በአግድም ይሰፋ። ወርቅማ ክር ያለበት ጥለት ቆዳ ስለሚፍቅ ከሥሩ ገበር ያስፈልገዋል። የነጠላውን ጨርቅ ራሱን ለልብሱ መጠቀም ለሚፈልግ ደግሞ ማዕዘኑ በድርብ እራፊ ካልተያዘ ቀዳዳው እንደማይቆይ ይወቅ።

ከመሠረቱ ባለቀለም ጨርቅ ላይ መሥራት የሚፈልግ አንድ ነገር ያገናዝብ። በሹልሐን አሩክ ኦራሕ ሐዪም 9፥5 ክሩ የልብሱን ቀለም ይከተል የሚሉ እንዳሉና ጠንቃቆች እንዲሁ እንደሚያደርጉ ተጽፏል። ሬማ ደግሞ የአሽከናዝ (የአውሮፓ አይሁድ) ልማድ ልብሱ ባለቀለም ቢሆንም ክሩ ነጭ እንደሆነ ይመሰክራል። ነጭ ጨርቅ ላይ ማስጌጥ ከሁለቱም ወግ ጋር ይስማማል።

ምን ይሣል? የአባቶች ምክር በተሰበሰበበት በፒርኬይ አቮት 5 ላይ እንደ ነብር ደፋር፣ እንደ ንስር ቀላል፣ እንደ ሚዳቋ ፈጣን፣ እንደ አንበሳ ብርቱ ሁን ይላል፤ አራቱም ለልጅ ደረት የሚሆኑ ናቸው። በዘዳግም 8፥8 የተቆጠሩት የምድሪቱ ሰባት ፍሬዎች፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራና ቴምር፣ ለጥልፍ የተመቹ ቅርጾች ናቸው። የካርቱን ጀግኖችንና የኳስ ቡድን ዓርማን አንመክርም። የልጅ ፍቅር በስድስት ወር ይለዋወጣል፤ ልብሱም ከጀግናው ጋር ይጣላል። በሹልሐን አሩክ ዮሬ ዴዓ 141 መሠረት የፀሐይ፣ የጨረቃና የከዋክብት ምስል፣ እንዲሁም ወጣ ብሎ የተቀረጸ የሰው መልክ አይሠራም። የኖኅ መርከብ ዓይነት ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ከጥግ በኩል ፀሐይ ትደረጋለች፤ እሷ ትቅር። በጥጥ ታጭቆ የሚያብጥ የሰው ፊትም እንዲሁ።

ጽሑፍን በተመለከተ የልጁ ስም በዕብራይስጥም ሆነ በፊደላችን ቢጠለፍ ችግር የለውም፤ በመዋለ ሕፃናት መንጠቆ ላይ ከጓደኛው ልብስ ይለየዋል። የኦሪት ጥቅስ፣ ሽማዕ እስራኤል (እስራኤል ሆይ ስማ) ወይም የፈጣሪ ስም ግን አይጠለፍ። በታሊት ላይ ጥቅስ መጥለፍ በዮሬ ዴዓ 283 በግልጽ የተከለከለ ነው፤ ታላቁ ሊቅ ራምባምም (ማይሞኒደስ) በመልስ ደብዳቤው ከልክሏል። ልጁ ይህን ልብስ ለብሶ ሽንት ቤት ይገባል፣ ሾርባ ያፈስበታል፣ ልብሱም ከካልሲ ጋር ይታጠባል። ለቅዱስ ቃል ሥፍራው አይደለም።

ዶቃ፣ ጨሌ፣ በሙጫ የተጣበቀ የሚያብለጨልጭ ነገርና የጌጥ ቁልፍ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ናቸው። ወርዱ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቱቦ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ትልልቆቹም ቢሆኑ የላሉ ክሮችን በጥርሳቸው ያኝካሉ። የአንገቱን ፕሬስ ቁልፍ በየጊዜው በኃይል ስቦ መፈተሽ ነው። ሲወጡና ሲወርዱ፣ ብስክሌት ሲነዱ ክሮቹ ወደ ሱሪው ውስጥ ይግቡ። ልጁ አብለጭላጭ ነገር ካማረው የጺጺቱን ከረጢት ያስጊጥ፤ እሱ ላይ ሕጉም አደጋውም የላላ ነው።

ክሮቹ። በየማዕዘኑ 4 ክር ታጥፎ 8 ይሆናል፤ በ5 ድርብ ቋጠሮ ይያዛል። ከቋጠሮዎቹ መካከል ያሉት ዙሮች እንደ ወጉ 7፣ 8፣ 11፣ 13 ወይም 10፣ 5፣ 6፣ 5 ናቸው። ከጠቅላላው ርዝመት ሲሶው የተጠመጠመ፣ ሁለት ሦስተኛው የላላ ሲሆን ያምራል። ክሩ ከመፈተሉ ጀምሮ ለትእዛዙ ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ስለዚህ አንዱን ክር አውጥቶ በሚያምር ባለቀለም ሹራብ ክር መተካት፣ አምስተኛ ክር መጨመር፣ ወይም ዶቃ ማስገባት አይገባም፤ መጨመሩ በትእዛዝ ላይ መጨመር ነው። ነጩን ክር በሰማያዊ እስክሪብቶ መቀባትም በኦሪት የታዘዘውን ሰማያዊ፣ ቴኬሌትን አያመጣም። ቴኬሌት ከባሕር ፍጥረት የሚገኝ ቀለም ነው፤ ሊቃውንቱም በታልሙድ ባቫ ሜጺያ 61 በተክል ሰማያዊ ቀለም አስመስሎ ቴኬሌት ነው የሚለውን አጥብቀው ገሥጸዋል። ክሩን ለልጅ ማስወደድ ከተፈለገ በቀለም ሳይሆን በቁጥር ነው። ጺጺት የሚለው ቃል በፊደል ቁጥር 600፣ ክሮቹ 8፣ ቋጠሮዎቹ 5፤ ሲደመር 613፣ እንደ ትእዛዛቱ ቁጥር። አራት ዓመት የሞላው ልጅ 8ቱንና 5ቱን በጣቱ ይቆጥራል፣ ቀሪውን ታላቁ ይነግረዋል።

ሲታጠብ አራቱም ዘለላ በላላ የጨርቅ ቁራጭ በአንድነት ይታሰርና ልብሱ ተገልብጦ በወንፊት ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ በ30 ዲግሪ፣ ያለ በረኪና። ትኩስ ውኃ የሱፉን ክር እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ቀለም የተቀባው ልብስ ከተተኮሰ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን ሳይታጠብ ይቆይ። አንድ ክር ከሥሩ ከተበጠሰ ልብሱ ሳይለበስ ረቢ ይየው፤ በሰንበት (ሻባት) ቀን የማይጸድቅ ጺጺት ያለበትን ልብስ ለብሶ ወደ አደባባይ መውጣት እንደ ሸክም ሊቆጠር ይችላልና።

ራስ ላይ ስለሚደፋው ትንሽ ቆብ፣ ስለ ኪፓ ብዙ አንልም፤ ማዕዘንም ክርም ስለሌለው ነፃነቱ ሰፊ ነው። በኪሮሽ ሲሠራ በጠርዙ ሁለት ረድፍ ጠበቅ ተደርጎ ካልተዘጋ ከልጅ ለስላሳ ጠጉር ላይ ይንሸራተታል። ከውስጥ የምትሰፋ 1 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላት የከፋይ ጥብጣብ ጠጉሩን ትይዛለች፤ ልጁ አፉ ውስጥ የሚከታት የብረት ቅንጥብም አታስፈልገውም።

ለሽያጭ የሚሰፉ ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ አንድ ልመና አለን። በልብሱ ላይ የጨርቁ ዓይነት በግልጽ ይጻፍ፤ ክሩ በየትኛው ወግ እንደታሰረና ጌጡ ከመታሰሩ በፊት መሠራቱም ይጠቀስ። ሦስቱም በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ይበቃሉ። ወረቀቷን ግን አንገቱ ላይ አትስፏት፣ ታሳክካለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የልጆች ጺጺት የሚሰፉና የሚጠልፉ አንባቢዎቻችሁ